በገዛ እጄ የጻፍኩብሽ «የለም»

«ጉዳዩ ተመርምሮ ቅጹ ላይ ምንም ችግር አልተገኘም። የታካሚዎች መረጃ የተበላሸው በመዝገብ ክፍሉ የጥንቃቄ ጉድለት ስለሆነ ኃላፊው ሠራተኞቹን እንዲቆጣጠር እናሳስባለን።»

እትዬ፣ ይህን የአለቆቼን ደብዳቤ ከሰላምታ ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም። ኃላፊው የተባልኩት እኔ ነኝ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የሐሞት ጠጠሩ ሕመም ጋብ አለልሽ ወይስ አሁንም ትከሻሽ ድረስ ይወጋሻል? እህል ይቀመስልሻል? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ፈርቻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አምና ክሊኒካችን መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ሲያዛውር «የማይስማማ መድኃኒት» የሚል ቦታ ተሠራ። ሲጫኑት ዝርዝር ወደ ታች ይከፈታል፤ ከዚያ አንዱን መምረጥ ነው። የመጀመሪያው «የለም» ነው፤ ፔኒሲሊን አራተኛው። አንዴ ሲመረጥ በትክክል ይመዘገባል። ጉዱ የሚመጣው ፋይሉ ዳግም ሲከፈት ነው። ዝርዝሩን ከመዝገቡ ጋር በደንብ ስላላያያዙት ቀድሞ ምን እንደተመረጠ አያውቅም፤ መጀመሪያው ላይ ተገትሮ ይጠብቃል። አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ አስተካክሎ «አስቀምጥ» የሚለውን ሲጫን፣ «የለም» በፔኒሲሊኑ ቦታ ይገባል። ማንም ሳይነካው ይጠፋል።

ይህን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ፕሮግራመሩ መጣ፣ አንድ አዲስ ታካሚ መዘገበና «ጋሼ፣ ይኸው ይሠራል እኮ፤ ሠራተኞችዎ እንቅልፋቸውን ይዘው ቢሮ እየገቡ ነው» ብሎ ሳቀ። የተመዘገበውን መልሰህ ክፈተው ስለው ምሳ ሰዓት ደረሰ አለኝ።

ሰኞ ዕለት በማስረጃ ላፋጥጣቸው ተነሣሁ። ኮምፒዩተሩ ማን የማንን ፋይል መቼ እንደከፈተ ይይዛልና፣ ከድሮው የወረቀት መዝገብ ጋር እያመሳከርኩ የማይስማማ መድኃኒት ኖሯቸው ፋይላቸው ዳግም የተከፈተውን ሁሉ አወጣሁ። ስልሳ ሦስት ሰዎች ናቸው። አርባ አንደኛው ላይ ያንቺን ስም አገኘሁ። የከፈተው ማን ይላል መሰለሽ? እኔ። መስከረም ላይ ወደዚያ ከተማ ስትዛወሪ ሌላ ሰው አድራሻሽን እንዳይሳሳትብኝ ብዬ ራሴ ቀየርኩት። ካርድሽንም ያን ቀን አትሜ፣ የሰው ስህተት ስለቅም የምውለው ሰውዬ፣ አንዴ እንኳ ሳላነበው ማኅተም መታሁበት።

ከዚያ የባሰው ምን ብዬ እንደሸኘሁሽ ነው። «አንቺ ሁሉን ታቃልያለሽ፤ ሐኪም ሲጠይቅሽ አታስረጂ፣ ወረቀቱን ብቻ አሳዪ» አልኩሽ። እሺ እንዳልሽኝ ትዝ ይለኛል። የዛሬ ስንት ዓመት የፔኒሲሊን መርፌ ተወግተሽ ከንፈርሽ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥርሽ እጅሽን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ስልክሽ ከሰኞ ጀምሮ አይነሣም። ሆስፒታልሽ ደውዬ ነርሷን ባገኛት «የነገሩንን ማስታወሻ እንይዛለን፤ ግን እኛ የምናምነው ካርዱን ነው፣ ታካሚዋ ራሷ መጥታ ታስለውጥ» አለችኝ። ከስልሳ ሦስቱ ስልሳውን በስልክ አግኝተን ነግረናቸዋል። ካንቺ ሌላ ሁለት ይቀራሉ፤ አንዱ የአራት ዓመት ሕፃን ነው። ዛሬውኑ ተነሥቼ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ለአለቆቹም መልስ ጽፌያለሁ፤ ካጠፉት ሰዎች ስም ዝርዝር የእኔን መጀመሪያ ላይ አድርጌ።

ስለዚህ ታላቄን ላዝዝ ነው፣ ይቅር በዪኝ። የሐሞት ጠጠሩ ኦፐሬሽን ኅዳር 24 ነው። ይህ እንደደረሰሽ ነጠላሽን እንኳ ሳትፈልጊ ሂጂና ለሐኪሙ፣ ለሚያደነዝዝሽም፣ ለነርሷም «ፔኒሲሊን ይገድለኛል» በያቸው። እስኪሰለቻቸው ድረስ ደጋግሚው። ይሉኝታ አይያዝሽ። «ጠበቃዋ» ልጅሽን አስከትያት፤ እሷ አፏን የሚያስይዛት ሐኪም ገና አልተወለደም።

የልጆችሽን አባት ጉልበቱን እንዲጠብቅ ንገሪልኝ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ፤ ለጸሎታቸው ዘንድሮ ሥራ አብዝቼባቸዋለሁ። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ።

በስልክ ብታገኚኝ «ደህና ነኝ፣ አታስብ» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እሱን አልቀበልም። ሐኪሙ ካርዱ ላይ የሚጽፈውን አዲሱን መስመር ቃል በቃል ገልብጠሽ፣ ፈርመሽበት፣ ይህን ባመጣልሽ የአውቶቡስ ሾፌር እጅ እስከ ኅዳር 20 ላኪልኝ። ያን ቀን በእጅሽ የተጻፈ መልስ ካልደረሰኝ፣ በማግስቱ መጥቼ ኦፐሬሽን ክፍሉ በር ላይ እቆማለሁ።

ታናሽሽ
ከመዝገብ ክፍል፣ ኅዳር 12 ቀን