ሽሚድ እና የአባቴ ቢላዋ

ሐሙስ፣ ጄኔቭ

ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ልጄ ሕሊና «እማ፣ ችግር የለም» እያለች ትጠርጋለች። ፕላንፓሌ ሠፈር ባለችው ጠባብ ክፍሏ ቁጭ ብለን የጋብቻ ፎርም እየሞላን ነበር። ሉካስን ስታገባ የማንን የቤተሰብ ስም ትይዛለች ይላል፤ የእሱን ሽሚድን ወይስ የእኛን በየነን? በየነ አባቴ ነው። ስዊዘርላንድ ስገባ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም ብለው መዘገቡት፤ ብቻዬን ስላሳደግኋት እሷም ወረሰችው።

«ሽሚድ ማለት እኮ በጀርመንኛ ብረት ቀጥቃጭ ነው! አሪፍ አይደል?» አለችኝ። ሻዩ የተደፋው ያኔ ነው። «አያቴስ ምን ነበር የሚሠራው?» ስትለኝ የለመድኩትን መለስኩላት። ነጋዴ።

ዓርብ

ሠላሳ ዓመት ሽሚድ ሲባል ስሰማ ስም ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ዓይኔ ተከፈተ። ማታውን ከጄኔቭ ተመልሼ ጠዋት ሥራ ገባሁ፤ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአውሮፕላን ምግብ በምናዘጋጅበት ኩሽና፣ ሁለት ሽሚድ። ሐኪሜ ሽሚድ። በምኖርበት ሠፈር ቪዲኮን ደግሞ ከትራሙ ፌርማታ እስከ ቤቴ የየበሩን ደወል አነበብኩ። ሰባት ሽሚድ፣ አንድ ሽሚት። ሌባ መስዬአቸው ፖሊስ ስላልጠሩብኝ ተመስገን።

እኔን በልጅነቴ፣ አገር ቤት፣ «የቀጥቃጭ ልጅ» ሲሉኝ እያለቀስኩ ነበር ቤት የምገባው። ቡዳ ናቸው እያሉ ልጆቻቸውን ከእኔ ጋር አያጫውቱም ነበር። እነዚህ በናስ ቀርጸው በራቸው ላይ ይለጥፉታል!

እሑድ

የሉካስ ወላጆች ቤቴ ምሳ መጡ። ከእኔ ወገን እትዬ ዘውዴ ነበሩ፤ በዚህ አገር እናት የሆኑኝ ሴት። ስለ ቡዳ ሲያወሩ ግን ሁሌም አንገቴን ደፍቼ ነው የምሰማቸው።

ድፎውን እንዲቆርሱ ለሉካስ አባት ቢላዋ ሰጠኋቸው። ሳላስበው የአባቴን ቢላዋ! እትዬ ዘውዴ ለየበዓሉ የሚዋሱኝ፣ እኔም ከመርካቶ ገዛሁት ያልኳቸው። አቶ ሽሚድ አገላብጠው አዩት። «የእጅ ሥራ ነው። ማን ሠራው?»

ሰውየው ጡረታ የወጡ የትራም ሾፌር ናቸው፤ መዶሻ ይዘው የሚያውቁ አይመስለኝም። በስማቸው ግን ይኮራሉ። ድሮ በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ ነበር አሉ፤ ሰውን በሙያው ይጠሩት ነበር፤ በኋላ ሙያው ቀርቶ ስሙ ለልጅ ልጅ ተረፈ። ሽሚድ የበዛው መንደሩ ስለበዛ ነው። «ማረሻው፣ ማጭዱ፣ የፈረሱ ጫማ፤ ያለ እሱ መንደሩ አይኖርም ነበር።»

ያለ አባቴም የእኛው አይኖርም ነበር።

ሕሊና ታየኛለች። እትዬ ዘውዴ ያዩኛል። «አባቴ ነው የሠራው» አልኩ በአማርኛ። «አባቴ በየነ ብረት ቀጥቃጭ ነበር።» ከዚያ በጀርመንኛ ደገምኩት።

«ቪርክሊሽ? እውነት?» ብላ ልጄ አቀፈችኝ። አቶ ሽሚድ ብድግ ብለው ጨበጡኝ። እትዬ ዘውዴ ቁራሻቸውን ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ሻይም ሳይጠጡ ሄዱ።

ፈራሁ። ግን ኮራሁ። በጣም ኮራሁ።

ማክሰኞ

እትዬ ዘውዴ አልደወሉም። ጠዋት ጠዋት ሳይደውሉ የማይውሉት ሴትዮ። ሁለቴ ስልኩን አንስቼ ተውኩት። ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለኝም።

ሕሊና ደውላ በየነን ይዛ እንደምትቀጥል ነገረችኝ። «ሽሚድማ በየበሩ አለ፤ የአያቴን ስም እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል?» በዚህ ዕድሜዬ ኩሽና ውስጥ ዘለልኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዘውዴ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«የሠርጉን ሥጋ ማን ነው የሚከትፈው?»

«ገና ነው፣ እትዬ።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«እኔ እመጣለሁ። ያንን ቢላዋ አዘጋጂልኝ፤ እጄ ለምዶታል።»

ስልኩን ዘግቼ ቢላዋውን ሳልኩት። ስለቱ አልጠፋም ነበር፤ አባቴ ያደርግ እንደነበረው በአውራ ጣቴ ልሞክረው ፈልጌ ነው።