ናፍጣ የሸተተው ውሃ

ለባለቤቴ ለእንድሪስ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የአሰብ ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ማሽላው ዘንድሮ ያምራል። ከወንዙ በላይ የሰፈሩት ወታደሮች መኪናቸውን እዚያው ወንዙ ውስጥ ያጥባሉ። ባለፈው ላሚቱ አሽትታ አልጠጣም ስትል ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፏል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሮጬ ለቀበሌው ሊቀመንበር ብነግረው፣ "ሠራዊቱን ነው የምታሚው? ሁለተኛ እንዳልሰማ!" አለኝ። ሌላ ውሃ ስለሌለን በነጠላ እያጠለልን እንጠጣለን።

ልጃችን ዘሃራ ደህና ናት። ሆዷን ይቆርጣት ነበር፤ አሁን ማልቀሱንም ትታለች። ጎረቤቶቻችን "ድምጿ ናፈቀን" ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ እቅፌ ውስጥ ትተኛለች።

ለአረፋ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ፈቃድ ከሰጡህ አረፋን አትጠብቅ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

ባለቤትህ ዓሊማ፣ ከሮቢት