ስለ ላክኸው በሬ

ይድረስ ለምወድህና ለምፈራህ ወንድምጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? የደሎ መና ሙቀት ለወገብ ይስማማል ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ሮቤ ላይ በብርዱ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል እንጂ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በወረቀት መጻፌ ስልክ ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋብኝ ነው።

በሬው ደርሷል። ለትንሣኤ ታርዶ ነዳያን ይብሉት ብለህ የተሳልከው ነውና፣ የምገባ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ እሸቴ ቢላ ሲስሉ ዋሉ። በሬህም የዋዛ አይደለም፤ ከመድረሱ ለወጥ የታጠበውን ጎመን ከነዘንቢሉ ሊጨርስብን ነበር።

አሁን ቁጣህን ዋጥ አድርገህ አንብብልኝ። በሬው አልታረደም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ከሚመገቡት ሰማንያ ሰዎች እኩሌቶቹ ሙስሊሞች ናቸው። እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ የማናስገባው ለዚሁ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ረስቼ ጮማ ጮማ ስል፣ ወጥ ሠሪያችን ማማሰያዋን አስቀምጣ፣ ታዲያ አባባ ጉሉማ በበዓል ቀን ለብቻቸው ሊቀመጡ ነው ወይ አለችኝ። እኚህ ሙስሊም ሽማግሌ ዓይናቸው ከጠፋው መሪጌታ ብዙነህ ጋር ካንድ ትሪ እየበሉ፣ እጃቸውን ይዘው ወደ ወጡ የሚመሩላቸው ናቸው። እሷ ደግሞ ገበታ ሲለይ አንዴ አይቻለሁ፣ ይበቃኛል አለች።

አቶ እሸቴ ስለት አይለወጥም ብለው ገነፈሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ ግን ለነዳያን የተሰጠ ነዳያንን አይለያይም ብለው ነገሩን ቆረጡት። እናም ሸጥነው። አንድ የዲንሾ ገበሬ ገዛው፣ ይኸው ገብስ ማሳ ያርሳል። እኛም ምስር፣ ቅቤ፣ እንቁላልና አይብ ገዛንበት። ሥጋ አማረን ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም፤ ሲቀርብለት ግን ትሪውን ጠርጎ በላ። አባባ ጉሉማ አቶ እሸቴን አጎረሷቸው። እሳቸውም ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠበቁ።

ወጥ ሠሪዋ ማን ናት ትል ይሆናል። ሙስሊም ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰሃን ይዛ ተሰልፋ መጣች፤ ማማሰያውን ያስጨበጥኳት እኔ ነኝ። ጨው ስትቀምስ ልክ እንደ እማዬ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ስሟን አልጽፍልህም። አንተ ፊት እንዳላነሳው ከከለከልከኝ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነ፣ ቃሌን አላጥፍም።

ወንድምጋሼ፣ እወድሃለሁ። በመካከል መቆሙ ግን ታክቶኛል። ለጰራቅሊጦስ ብቅ በል። ሽሮዋን ከቀመስክ በኋላ ብትቆጣም ግድ የለኝም።

ቸሩ አምላክ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልብህንም ያራራው።

ናፋቂዎችህ፣
ሁለቱ እህቶችህ