ሁለት የአዋቂ እርምጃ

መስከረም 18፣ 2013
ሰባ ስድስት ዓመቴ። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ። የድንጋይ መሮዬን ራሴ እስላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ባለቤቴ አስናቀች ካረፈች ሦስት ዓመቷ፤ ሸሚዜንም ራሴ ነው የማጥበው።

ዛሬ ት/ቤት የወላጅ ስብሰባ ነበረ። ከመጋቢት ጀምሮ ይኼ ኮሮና የሚሉት በሽታ ዘግቶት... ስምንተኛ ክፍል ጥቅምት 9 ይመለሳል አሉ። የልጅ ልጄ እፀገነት ስምንተኛ ናት። ግን ሦስት ልጅ ይይዝ የነበረ ዴስክ ከእንግዲህ አንድ ብቻ። ልጆቹ ስልሳ ሁለት፣ ክፍሉ የሚችለው ሃያ ሁለት። ስለዚህ በሦስት ፈረቃ፣ ቅዳሜን ጨምሮ በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን። የክልሉ ፈተና ደግሞ ደርሷል። በሁለት ቀን ተምራ ምን ልትመልስ?

ተነሣሁ። "ግቢው ሰፊ ነው። ከጥዱ ሥር አርባ የድንጋይ መቀመጫ እሠራለሁ።"
ርዕሰ መምህሯ ዝማሬ፣ "አያ ደሴ፣ ማን ያግዝዎታል?"
"ማንም።"

መስከረም 20
ሕጉ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ነው። በሬዲዮ ስንት ወር ሲለፍፉት ሰማሁ። የዚህን ት/ቤት መሠረት በ1972 ስንጥል በእርምጃዬ ነው የለካሁት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩትም እዚሁ። በመንደራችን በድብ ባሕር ከእኔ ሌላ አዋቂ ማን አለ?
ሁለት ሁለት እርምጃ ረገጥኩ። ምልክት አደረግሁ። የፈረሰው አጥር ድንጋይ እዚያው ነው...

መስከረም 26
ሃያ ሦስት ደረሰ። ወገቤ... አልጽፈውም።
ኪሩ አህያውን እየነዳ መጣ። አብሮ አደጌ ነው፤ ምላሱ ብቻ አላረጀም።
"አንተ ደሴ፣ ይህ ሁሉ ድንጋይ ለመቃብርህ ነው?"
"የመቃብሬ ድንጋይ ቤቴ ተቀምጧል። ጠፍጣፋ፣ ሸጋ። የሌለህ አንተ።"
"አህያዬ ታግዝህ?"
"እሷን አንተ አግዛት። አርጅታለች።"

መስከረም 30
ሠላሳ ዘጠኝ። ድንጋዩ አለቀ። አንድ ጎደለኝ።

ጥቅምት 2
ከጤና ጣቢያ አንድ ወጣት ሜትር ይዞ መጣ። ለካ። ደግሞ ለካ። ዝማሬ አንገቷን ደፋች።
"አባት፣ ሁለት ሜትር ነው የሚፈለገው። ይኼ አንድ ሜትር ከሃያ ነው።"
"ሜትርህ ተሳስቷል።"
"ግማሹ ካልተነሣ አልፈቅድም።"
ግማሹ ተነሣ ማለት ሃያ ልጅ ቤቱ ቀረ ማለት።

ሁሉም ሲሄዱ የክፍሉን ግድግዳ ዳር ዳሩን ረገጥኩት። በ1972 አሥራ ሦስት እርምጃ ነበር። ዛሬ ሃያ።
ግድግዳው አላደገም...

ጥቅምት 3
እራት አልበላ አለኝ። እፀገነት፣ "አባባ፣ ምነው ዝም አልክ?"
"እርምጃዬ አጥሯል" አልኳት። ለሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም።
"ግቢው እኮ ገና ሰፊ ነው። ድንጋዩን እኛ እናንቀሳቅሰው፣ አንተ አስተካክልልን።"
"እርዳታ አልፈልግም።"
"አንተን ማን ይረዳል? መቀመጫው የኛ ነው!"
እውነቷን ነው? ... እውነቷን ነው።

ጥቅምት 6
ስልሳ ሁለቱም መጡ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው። ሁለት ሜትር ገመድ ቋጥሬ ሰጠኋቸው። ዲጅኖ መያዝ እንኳ አያውቁም! "በጉልበት አይደለም፣ ከሥሩ ግቡበት" ስል ዋልኩ። አንዷ፣ "አያ፣ ይኼ እኮ ፊዚክስ ነው" አለችኝ። "እኔ ሳልማረው ሠራሁበት" አልኳት። ሳቁ።
ማንም አልረዳኝም። እኔ ነኝ የረዳኋቸው።

አርባኛው... ኪሩን ቤቴ ላክሁት። ጠፍጣፋውን ድንጋይ በአህያው ጭኖ አመጣው። ኪሩ ዝም ሲል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥቅምት 9
ወጣቱ ለካ። "ሁለት ሜትር ከአምስት" አለ። "አምስቷ ምርቃት ናት" አልኩት።

ሃያ ሁለቱ ውስጥ፣ አርባው ውጭ። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ለሁለቱም ያስተምራል። ሁሉም ልጅ፣ በየቀኑ። እፀገነት የመቃብሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሒሳብ ትሠራለች። አየሁና ሮጬ ወደ ቤቴ ገባሁ... ለምን እንደሆነ እኔው ልወቀው።

ዕዳ አለብኝ። ማንም እንዳይነካብኝ፣ ራሴ እከፍላለሁ።
ለኪሩ፣ የዘመመውን የአህያውን በረት ግድግዳ።
ለወጣቱ፣ ሜትርህ ተሳስቷል ስላልኩት፣ ይቅርታ። (አንድ ጊዜ ብቻ።)
ለአርባዎቹ፣ ዝናብ ሳይመጣ ዳስ።
ለራሴ፣ ሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ። እሱ አይቸኩልም።