አይመጣም አልኳቸው

ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ አድገው ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። ከዚህ ሌላ ስለ ራሴ የምነግርሽ ብዙም የለኝም።

አሁንም ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ ለቤተሰቡ በእኛ ቋንቋ እነግራለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ከመሰላል ወድቀው፣ ራሳቸውን እንደሳቱ አመጧቸው። ሚስታቸው ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር አልተነሡም። ከሌላ ከተማ የተጠራ የጭንቅላት ሐኪም ነበር፤ በገባሁ ቁጥር "መጣ ወይ ልጄ?" ይሉኛል። "ገና ነው እማማ" እላለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የክፍሉ ሐኪም ወረቀቱን አየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱ "ካም ራውንድ" የሚያደርግ አይመስለኝም አለኝ። ስም አልጠራም። ይህን ብሎ ወጣ።

ቃሉን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየላጥሽ። "ካም" መምጣት፣ "ራውንድ" ዙሪያ፤ ለየብቻ ጨዋ ናቸው፣ ሲገጥሙ ግን ዓመል ያወጣሉ አልሽኝ። ጎረቤት ብቅ ሲል ካም ራውንድ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ሲነቃም ያው ነው። አኩርፎ የከረመ ልቡ ሲመለስም። ምናልባት ከመርከበኞች የመጣ ይሆናል፣ መርከቧ አፍንጫዋን ወደ ነፋስ ስታዞር እንደዚያ ይላሉ ብለሽኛል። መርከብ መቼ አየሽና ብዬ ሳቅሁብሽ።

እማማ እጄን ይዘው ምን አለ አሉኝ።

"አይመጣም አለ" አልኳቸው።

"ሐኪሙ?"

"አዎ፣ ዛሬ አይመጣም።"

ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያው ቤት ደርሼ ልታጠብ፣ ለሱም ንጹሕ ሸሚዝ ላምጣለት ብለው ሄዱ። ባላቸው ቀትር ላይ አረፉ። የተተኮሰ ሸሚዝ በክንዳቸው ይዘው ሲመለሱ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

አለቃዬ አስጠራችኝ። ቃሉ ብዙ ትርጉም እንዳለው አስረዳኋት። መዝገበ ቃላት ገልጣ አየች፣ እውነትም አለ። "የትርጉም ስሕተት" ብላ ጻፈች፣ ፈረምኩ። እማማም አልተቀየሙኝም። ቋንቋው ነው ያሳሳተሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። አላለቀስኩም። ከዚያ ሌላ ክፍል ገብቼ ለአንዲት ሴት ስለ ኩላሊት ጠጠር አስተረጎምኩ።

እታለም፣ ሁለተኛው ትርጉም አልጠፋኝም ነበር። ዓይናቸውን ሳይ አፌ እምቢ አለኝ።

እናታችን የታመመች ጊዜ ደውዬ ስጠይቅሽ፣ ተሽሏታል፣ ፈተናሽን ጨርሰሽ ነይ ነበር ያልሽኝ። ጨርሼ ስመጣ ተቀብራ ነበር፤ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ። ሰው ፊት ነው ያልኩሽ። ይኸው አምስት ዓመት ሆነው። ያኔ ግን አንድ ነገር አልጠየቅሁሽም። ስልኩን ስታነሺ የት ቆመሽ ነበር? እሷ ትሰማሽ ነበር?

በሚመጣው ወር ሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል ብለውኛል። በሩን ባትከፍቺልኝም አልፈርድብሽም፤ ደጅሽ ላይ ትንሽ ተቀምጬ እመለሳለሁ።

ክፉ አይንካሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ለጉልበትሽም ምሕረቱን ያውርድልሽ።

የእናትሽ ልጅ