በውድ ዋጋ ለተገዛችው ርካሽ ሽጉጥ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ፍቅረሥላሴ፣
የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የወዳጅነት ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንዳለ እጠይቃለሁ። ከኅዳር ወዲህ ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎት ለአንዱም መልስ ስላላገኘሁ፣ እጅዎን ቁርጥማት ይዞት ብዕር ማንሳት አቅቶዎት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰንብቻለሁ። ፈጣሪ ጣቶችዎን ያበርታልኝ። ይህን አራተኛውን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያየው አድርጌ የጻፍኩትም፣ ምናልባት ዓይንዎም ደክሞ ከሆነ ሌላ ሰው ያነብልዎታል ከሚል ቅን አሳብ ብቻ ነው።

ረስተውኝ እንደሆነ ኢተፋ ጃለታ እባላለሁ። ሱሉልታ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የሩጫ አስጀማሪነቱን አልተውኩም። «በየቦታችሁ! ተዘጋጁ!» ብሎ ሽጉጥ ወደ ሰማይ የሚተኩሰው፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ሽጉጡ እርሳስ አይተፋም፤ ያለው ድምፅና ጢስ ብቻ ነው። ከተተኮሰ በኋላ ሯጮቹ ሁሉ በአንዴ ይሄዱና አስጀማሪው ባዶ መስመር ላይ ብቻውን ይቀራል። ባለቤቴ ተረፈች በሕይወት ሳለች ይህ ነገር አይታወቀኝም ነበር፤ ከሜዳው ዳር ምሳ ቋጥራ ትጠብቀኝ ነበርና። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ልጆቼ በየበዓሉ ደውለው ጤናዬን ይጠይቃሉ፣ መልሱን ሳልጨርስ «በል ቻው አባዬ» ይላሉ፤ ሥራ ላይ ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። እንዲህ በመሆኑ የእናንተ ሩጫ በዓመት አንድ ቀን ስሜ በድምፅ ማጉያ የሚጠራበት ቀን ነበር። ኮፍያዬን ከሳምንት በፊት አጥቤ አሰጣዋለሁ። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ሲቆርጠኝ ከምን ላይ እንደቆረጠኝ መዝገቡ የተሟላ እንዲሆን ነው።

አሁን በተለመደው አክብሮት ወደ ጉዳዮቼ እገባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግዢው ጥበብ ምስጋና ለማቅረብ ያህል። የአሮጌው ሽጉጥ ሞላ ባለፈው ክረምት ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠፋለት፣ ዓለም ገና ላይ የስፖርት ዕቃ የሚሸጠውን ኡዘይርን እንዳማክር ራሳችሁ ልካችሁኝ ነበር። ኡዘይር ኳስ ሲሸጥ እንኳ «ይህ ለድንጋያማ ሜዳ አይሆንም» ብሎ ገበያውን የሚያባርር ሰው ነው። ኮሚቴው ያጨውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በስልኬ ሳሳየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳቀ።

«ኦቦ ኢተፋ፣ ይህ እኮ ርካሽ ማርካ ነው» አለኝ። «ነውር የለበትም፤ ርካሽ ዕቃም ሥራ ይሠራል። በርካሽ ዋጋ ግዙትና፣ ሊከዳ እንደሚችል አውቃችሁ ተጠንቀቁ። አለዚያ ደግሞ ጨክናችሁ ውድ ክፈሉና ውዱን ግዙ። ርካሹን በውድ የገዛ ሰው ግን ከሁለት ያጣ ነው።»

ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ በስብሰባ አቀረብኩ። ክቡርነትዎም፣ «የምንከፍለው የምርጥ ዕቃ ዋጋ ከሆነ ዕቃው እንዴት ምርጥ ሳይሆን ይቀራል?» ብለው ጠየቁኝ። በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ ስለማያውቅ መልስ አጣሁ። ዝምታዬም በቃለ ጉባኤው ላይ «ባለሙያው ተስማምተዋል» ተብሎ ሰፈረ። ሽጉጧ ኡዘይር ከጠራው ዋጋ በአምስት እጥፍ ተገዝታ፣ ቀይ ከፋይ በለበሰ ሳጥን ውስጥ ተንጋልላ መጣች። ሳጥኑ፣ እውነት ለመናገር፣ አንድም ቀን ከድቶን አያውቅም። ሻጩ የባለቤትዎ ወንድም ነው እያሉ የሚያሙዎት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ተሟግቼልዎታለሁ፤ «አቶ ፍቅረሥላሴ እንኳን ለዘመድ ለማንም ጠቅመው አያውቁም» ብያለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጢሱ። ይህኛው ትንሽ ስለሚረዝም ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ሦስት ደብዳቤ ሳያነብ የታገሠ ሰው አንድ ማንበብ አያቅተውም።

ቡራዩ ውስጥ፣ ከገፈርሳ ግድብ ማዶ፣ ላሊሴ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለች። በዘጠኝ ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ ነፍሷ ሲተርፍ ጆሮዋ አልተረፈም። የሰው ከንፈር እያየች በኦሮምኛም በአማርኛም ትጫወታለች፤ ድምፅዋ ብቻ አንዳንዴ ከልኩ ከፍ ይልባታል። ተኩስ ስለማትሰማ ጢሱን አይታ ነው የምትነሳው ብዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ በደንብ በምታየኝ በኩል እቆም ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

አዲሷ ሽጉጥ ጢስ እንደሌላት በሞከርናት ዕለት አይቼ በስብሰባ ተነሥቼ ተናገርኩ። ክቡርነትዎ «ሰው የሚሮጠው በእግሩ ነው ወይስ በጢስ?» ብለው ቤቱን አሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ብቻውን ውሎ ብቻውን የሚያድር ሰው፣ ሌሎች ሲስቁ አብሮ መሳቅ ያምረዋል፤ ያን ዕለት መሳቄን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

የሩጫው ቀን ደረሰ። ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው የኅዳር ብርድ ጣት ያደነዝዝ ነበር። የሴቶች ስምንት መቶ ሜትር ላይ ስምንት ልጆች ተሰለፉ። ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡት ምግብና ማደሪያ ትምህርትም ያለው ማሠልጠኛ እንደሚገቡ ሁላችንም እናውቃለን። «በየቦታችሁ! ተዘጋጁ!» ብዬ ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ። ሁለት ልጆች ዘለው ወጡ፤ መልሼ አሰለፍኳቸው። ደግሜ ሳብኩ። ቀጭ። ተመልካቹ ሳቀ። በሦስተኛው ሽጉጧ እንደ ፈንዲሻ ጣ ብላ ጮኸች፤ ሰባቱ ልጆች ሄዱ፤ ላሊሴ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ቆማ ቀረች።

ሁለተኛ ተኩስ ከተሰማ ሯጭ እንደሚመለስ ደንቡ ነው፤ ልመልሳቸው ብዬ ሳብኩ። ቀጭ። ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ክቡርነትዎ ያስከፈቱት የድምፅ ማጉያ ዘፈን ዋጠው። ያኔ እጄን እያርገበገብኩ፣ ለማትሰማ ልጅ፣ «ሩጪ! ሩጪ ልጄ!» እያልኩ ጮህኩ። ሮጠች። በመጨረሻው ዙር አራት ልጆች አልፋ፣ በትከሻ ስፋት ተቀድማ አራተኛ ወጣች። እርስዎ በዚያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ለክብር እንግዶቹ የሽጉጧን ሳጥን ያስጎበኙ ነበር።

ሦስተኛ፤ በማግስቱ ስለደረሰኝ የምስክር ወረቀትና ስለ ሪፖርቱ። ሪፖርቱ «አስጀማሪው በዕድሜ መግፋት ምክንያት ምላጭ የመሳብ አቅም ስለሌላቸው ከኃላፊነታቸው በክብር ተነሥተዋል» ይላል። ሽጉጧን በተመለከተም «የተከፈለባትን ዋጋ የምትመጥን» ይላታል። የምስክር ወረቀቱ የተጻፈው «ለአቶ ተፈራ ጃለታ» ነው። አቶ ተፈራ የሚባል ሰው ካለ ወረቀቱ እኔ ዘንድ ስለሆነ መጥቶ ይረከበኝ፤ ሰው ቢመጣልኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ወዲያ ስልኬ ዝም አለ። ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። የሚታየኝ መስመሩ ላይ የቀረችው ልጅ ብቻ ነበረች። በስምንተኛው ቀን ተነሥቼ በሦስት ሚኒባስ፣ አዲስ አበባን አቋርጬ፣ ቡራዩ ገባሁ። ከገፈርሳ መንገድ ወርጄ በባሕር ዛፉ መሐል እየጠየቅኩ ቤታቸውን አገኘሁት።

እናቷ አዴ ኤቢሴ ለላሟ ሣር ታጭድ ነበር። ገና ስታየኝ ማጭዷን ጥላ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«አካም ጅርቱ መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ! ደርሷታል ማለት ነው?»

ምኑ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። የማሠልጠኛውን ጥሪ ይዤ የመጣሁ መስሏት ነበር። ክቡርነትዎ፣ ለአንዲት እናት «አይደለም» ማለት ምን እንደሚመስል ላስረዳዎት አልሞክርም፤ ብቻ ያን ቀን እርስዎን ወክዬ አልኩት። «ይሁን፣ ይግቡ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ወርዶ ነበር።

ላሊሴ ከጓሮ መጣች። ከንፈሬን እንድታይ ወደ ብርሃኑ ዞሬ፣ «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጢስ እንደሌላት እያወቅኩ ያቺን ሽጉጥ ይዤ ቆምኩ» አልኳት።

«የምን ጢስ?» አለች።

«ጢሱን አይተሽ አይደል እንዴ የምትነሺው?»

«ኧረ እኔ ጢሱን አይቼ አላውቅም!» ሳቀች። «የማየው የአንቱን ፊት ነው። ልትተኩሱ ስትሉ ከንፈራችሁን ነከስ ታደርጋላችሁ። ያኔ እነሳለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ የቆምኩት ለጢስ ብዬ ነበር። «ታዲያ ያን ዕለት ስተኩስ ለምን ቆምሽ?» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። «ፊታችሁ ጠቆረ። ያመማችሁ መሰለኝ። ብትወድቁ ማን ያነሳችኋል ብዬ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሊሮጥ ነው።»

አዴ ኤቢሴን ውሃ እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። አልጠማኝም ነበር።

ክቡርነትዎ፣ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ስንት ሺህ ሰው ከፊቴ ተነሥቶ እንደሄደ አላውቅም፤ መሄዳቸው ደንብ ነው፣ ሥራዬም እሱ ነበር። ስለ እኔ ብሎ የቆመ ሰው አይቼ ግን አላውቅም። ያች ልጅ የቆመችበት ጊዜ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ኮሚቴው ሽጉጧን የገዛበትን ገንዘብ ከፈለ፣ እሷ ደግሞ የማሠልጠኛ ቦታዋን ከፈለች።

ወደ ማሠልጠኛው ደውዬ ነገሩን አስረዳሁ። በስልክ ያነጋገረችኝ ሴት መልካም ሰው ነች። «አዘጋጁ ኮሚቴ አጀማመሩ ስህተት እንደነበረበት አንድ መስመር ይጻፍልን፤ እስከ ጥር መጨረሻ ቦታ እናቆይላታለን» አለችኝ። ሦስቱ ደብዳቤዎቼ የለመኑት ያንን አንድ መስመር ነበር። ሽጉጧን ይንቀፉ አላልኩም፤ እኔን ይመልሱኝ አላልኩም። እንዲያውም ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው እንዲጽፉ ረቂቁን አዘጋጅቼ፣ ማኅተም ብቻ እንዲቀረው አድርጌ ልኬልዎት ነበር። የጥር መጨረሻ ያለፈው ዓርብ ሆነ። ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጠ፤ ለዚያች ልጅም እግዚአብሔር ይርዳት።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ የሚለምነው ነገር የለም። ርካሽ ሽጉጥ በውድ ዋጋ መግዛት ያዋጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ኮሚቴ ቢኖር፣ መልሱን ከእኛ ያገኘዋል።

እኔ እንደ ሆነ ደህና ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገፈርሳ እሄዳለሁ። ከግድቡ አጠገብ ባለው የእግር መንገድ ላይ ላሊሴን አሰልፋትና ምንም ሳልይዝ እቆማለሁ፤ ከንፈሬን ስነክስ ትሄዳለች። የምትመለሰውም ወደ ቆምኩበት ነው። አዴ ኤቢሴ መጀመሪያ ቀን አላናገረችኝም፤ በሁለተኛው ቅዳሜ እርጎ ላከችልኝ፤ በሦስተኛው ራሷ ይዛው መጣች። «ገለቶማ» ብዬ አመሰገንኳት። የሳምንቱን ሌላ ስድስት ቀን እንዴት እንደማሳልፈው ገና አላወቅኩም፤ ያ የእኔ ጉዳይ ነው።

በኮሚቴው ወንበር ላይ የተቀመጡበት ዘመን እንዲረዝም፣ ሳጥንዎ ከብል እንዲጠበቅ፣ ብዕርዎም አንድ ቀን ቀለም እንዲወጣት እየተመኘሁ፣ ከከፍተኛ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ኢተፋ ጃለታ
(በመዝገብዎ ተፈራ)
ሱሉልታ፣ የካቲት ወር

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ዓመት ሩጫ ላይ ሽጉጧን ክቡርነትዎ ራስዎ እንደሚተኩሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ አንብቤ ተደስቻለሁ። ላሊሴም ተመዝግባለች። እርሷ የምትነሣው የአስጀማሪውን ፊት አይታ ስለሆነ፣ ያን ዕለት ፊት ይዘው እንዲመጡ በትሕትና አሳስባለሁ።