ማክሰኞ የሚጮኸው በርሜል

ሰኞ፣ ኦገስት 5

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ጀልባዎቹ ረፋድ ላይ ገቡ። ዓሣ ተሸከምኩ፣ አጠብኩ፣ ማጨሻው ምድጃ ላይ ደረደርኩ። ዓይኔ በጭስ ቀልቷል። ምሳ ያው የበቆሎ ሊጡ ኬንኬ በበርበሬ።

ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እጄ ፊደል እንዳይረሳ ብዬ ነው በየቀኑ የምጽፈው። ማንም አያነበውም። ስለዚህ ይቺንም ልጻፋት።

አንዷ ዓሣ ነጋዴ ዋጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አልሰማችኝም። ደግሜ ነገርኳት። አሁንም አልሰማችም። ጓደኛዋ ሳቀች፤ "ተያት፣ የኳሜና አርሂን የልጅ ልጅ እኮ ናት። አያቷ በርሜል አስጮኸ፣ እሷ የራሷን አፍ ማስጮህ አቃታት!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ... ለምን ሳቅኩ?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን። ጀልባ አይወጣም፣ ሞተር አይነሳም። ወንዶቹ መረብ ይጠግናሉ። ሽማግሌዎቹ ዳሱ ሥር ተቀምጠው ነገር ይቆርጣሉ።

እማማ ኤፉዋ አለቀሱ። የአያቴ እህት ናቸው፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት።

"ዓመት በዓሉ ደረሰ" አሉኝ። "ዘንድሮም ለሙታን አረቄ መሬት ላይ ያፈሳሉ። የሞቱትን ዓሣ አጥማጆች አንድ በአንድ ይጠራሉ። ቤተሰቡም 'አለ!' ብሎ ይመልሳል። ሰካራሙን ሳይቀር ይጠራሉ እኮ! ወንድሜ ጋ ሲደርሱ ይዘሉታል። ስሙ ያልተጠራ ሙት ደጅ ነው የሚቆመው። እኔ መሄጃዬ ደርሷል። ምን ብዬ አገኘዋለሁ?"

ስለ በርሜሉ ጠየቅኳቸው። እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ አይወራም።

አያቴ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ታናሽ ወንድሙ በጉም መንገድ ስቶ ከባሕሩ መግቢያ ያለው አለት ላይ ጀልባው ተሰበረ። አስከሬኑም አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ነው አያቴ በርሜሉን የሠራው። አለቱ አጠገብ ታስሮ እየተንሳፈፈ እንዲጮህ፤ ጉም ሲሆን "እዚህ አለት አለ" እንዲል። ሰኞ ከሰዓት ወስዶ አሰረው። በማግስቱ ማክሰኞ፣ ባሕሩ ባረፈበት ቀን፣ ከውሃው ላይ እንደ ላም የሚያለቅስ ድምፅ መጣ።

ረቡዕ ዝም። ሐሙስ ዝም። እስከ ሰኞ ዝም። ማክሰኞ እንደገና ጮኸ።

"በማረፊያው ቀን እየሄደ ባሕሩን ይቀሰቅሳል አሉት። የማስታረቂያ በግ አምጣ አሉት። 'ያልነካሁትን ነገር ምን ብዬ በግ አመጣለሁ' አለ። እልኸኛ ነበር። በርሜሉን ጎትተው አወጡት። እሱንም ከባሕሩ ከለከሉት። እስኪሞት ጀልባ አልረገጠም።"

"እውነት አልነካውም?"

"ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ደጃፍ ከእኔ ጋር ነበር የሚቀመጠው። ማን ይመነኝ? እህቱ ነኝ።"

በዓሉ ሴፕቴምበር 14 ነው። ከዚያ በፊት አጣራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ እንግዲህ ማፈግፈግ የለም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 8

በርሜሉ ከምድጃዎቹ ጀርባ ነው። ስንት ዓመት አልፌው ሄድኩ! ጎኑ ዝጎ ተበስቷል፤ ዶሮዋ እንቁላል ትጥልበታለች። ዛሬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከሥሩ ረጅም ቧንቧ ወጥቷል፣ ጫፉ ክፍት። ከላይ የአሮጌ መኪና ጡሩምባ ተበይዶበታል። ገመድ የለ፣ ሽቦ የለ፣ እጀታ የለ... ማን ይነፋዋል?

አርብ፣ ኦገስት 9

የወተት ቆርቆሮ ወሰድኩ። ታቹን ቆርጬ አወጣሁ፣ ከላይ በምስማር በሳሁት። ከመንደራችን ጀርባ ያለው ሐይቅ ዳር ሄጄ ውሃ ውስጥ ወደ ታች ገፋሁት። ከቀዳዳው የወጣ ነፋስ ጉንጬን መታኝ። ወደ ላይ ሳብኩት፤ ነፋሱን መልሶ ሳበ።

ይተነፍሳል!

ማዕበሉ በርሜሉን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቧንቧው ይተነፍሳል፤ ጡሩምባው ይጮኻል። የሰው እጅ አያስፈልገውም። አያቴ አልዋሸም። ግን... ማዕበል በየቀኑ አለ። ታዲያ ለምን ማክሰኞ ብቻ?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 10

አባባ ኩዌኩን ልጠይቅ ሄድኩ። ያኔ የነበሩ ናቸው፣ መረብ ጠጋኝ። አጠገባቸው ቆምኩ። ቆምኩ... ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ኦገስት 12

ጠየቅኳቸው። የመረባቸውን ጫፍ ይዤላቸው ጠየቅኳቸው።

"ሰኞ ጮኾ ያውቃል?"

"በጭራሽ።"

"ረቡዕስ?"

"ልጄ፣ እኔ ከዚህ አሸዋ ተነስቼ አላውቅም። ማክሰኞ ብቻ! ሰይጣን ቀን አይሳሳትም። አያትሽ መልካም ሰው ነበር። እጁ ነው ያሳሳተው።"

ሌሎች ሁለት አሮጊቶችንም ጠየቅኩ። ቃላቸው አንድ ነው። የሚዋሹ አይመስሉም። ይሄ ነው የከፋው። እነሱ ካልዋሹ ማን ዋሸ? እማማ ኤፉዋ? አያቴ?

ቢሆንም አልተውም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 13

ሳልረሳው ቶሎ ልጻፈው!

ማንሳ ከሐይቁ ማዶ ካለው መንደር ዓሣ ልትገዛ መጣች። ዓሣውን ስጠቀልል የወፍጮዋቸው ድምፅ ይሰማል፤ ቱክ ቱክ ቱክ። ለወሬ ያህል ጠየቅኳት።

"እናንተ የምትፈጩት ማክሰኞ ብቻ ነው እንዴ?"

"አንቺ የምትበዪው ማክሰኞ ብቻ ነው?" አለችኝ። "ኬንኬ በየቀኑ እየዋጣችሁ እኛ በሳምንት አንዴ እንድንፈጭ ነው? ከጠዋት እስከ ማታ ነው የሚያንባርቀው። ጆሯችን ሊደነቁር ምንም አልቀረው!"

"እኔ እኮ የምሰማው ማክሰኞ ብቻ ነው።"

"ታዲያ በሌላው ቀን እናንተ ዝም ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጩኸታችሁ እኛ ድረስ ይመጣል እኮ!"

ዓሣውን እንደያዝኩ ቀረሁ። "ምን ሆንሽ? ሸረሪት ነከሰሽ?" ትለኛለች።

ሌሊት ሳይቀር የሚጮኸው ሞተር፣ መረብ ሲጎተት የሚዘፈነው፣ የሴቶቹ ክርክር፣ የሰባኪው ድምፅ ማጉያ... ስድስቱን ቀን ማን ምን ይሰማል? ማክሰኞ ነው ጆሯችን የሚከፈተው።

በርሜሉ በየቀኑ ይጮህ ነበር። በየቀኑ!

ረቡዕ፣ ኦገስት 14

ለማረጋገጥ አሸዋው ላይ ቆሜ የማንሳን ወፍጮ ለመስማት ሞከርኩ። ምንም። የወፍጮው ጭስ ግን ከማዶ ሲወጣ ይታያል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

ለእማ፣ ለእናቴ፣ ለሽማግሌዎቹ ላስረዳ መሆኑን ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

"ከሽማግሌ ፊት ልትቆሚ? አንቺ? ዋጋ ሲጠይቁሽ የማትመልሺው?"

"እማማ ኤፉዋ አብረውኝ ይሄዳሉ።"

"ስሚ አራባ። የእሱ ልጅ ስለሆንኩ ዓሣዬን የሚገዛኝ ጠፍቶ ያውቃል። 'ባሕሩ የተቀየመው ቤት ዓሣ' ይሉ ነበር። ስንት ዓመት ለምኜ ነው ሰው የመለስኩት። ሙቱን ተይው፤ እኛ እንኑርበት።"

እውነቷን ነው። ግን አባቷ እኮ ነው... ስታወራ በርሜሉን አላየችውም፤ አንዴም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 20

እማማ ኤፉዋ ክንዴን ተደግፈው ዳሱ ድረስ ሄድን። ናና ኤሲልፊ፣ የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ፣ መሐል ተቀምጠዋል። ቃል አቀባያቸው የሥልጣን በትራቸውን ይዞ ከጎናቸው።

"ይቺ የማን ናት?"

"የኳሜና አርሂን የልጅ ልጅ።"

"በሉ እንግዲህ፣ በርሜሉ ዛሬም ማክሰኞ አፉን ከፈተ!" አለ አንዱ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ።

ልናገር አልኩ። ድምፅ የለም። ቃል አቀባዩ "ጮክ በይ ልጄ" ሲለኝ እማማ ኤፉዋ ቀደሙኝ፤ "ምን ጮክ በይ ትላታለህ? ለናና በቀጥታ አይነገርም! ላንተ ጆሮ ነው የምትነግረው። ጮክ ማለት ያንተ ሥራ አይደል?"

ለካ እዚህ ሹክ ማለት ወግ ነው! ጆሮው ላይ ሹክ አልኩት። እሱ ጮኸው።

"ዝም ብላችሁ ስሙ ትላለች።"

ዝም አሉ። ቱክ ቱክ ቱክ።

"ይህ የማዶ ወፍጮ ነው ትላለች። ነገ አትሰሙትም ትላለች። ነገም ግን ይፈጫል ትላለች።"

አባባ ኩዌኩ የመረብ መርፌያቸውን አስቀመጡ። ማንም አልሳቀም። ደግሜ ሹክ አልኩ።

"በርሜሉ የወጣው በምን ቀን ነበር ትላለች።"

ናና ራሳቸው መለሱ። "ሐሙስ። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ጎረምሳ ነበርኩ።"

"ያን ቀን ጮኾ ነበር ወይ ትላለች።"

ወደ ባሕሩ አዩ።

"ልናስረው ሞተሩን ስናጠፋ... ጮኸ። ስለነካነው የተቆጣ መሰለን። ፈርተን ለማንም አልተናገርንም።" ከዚያ በትሩን ከቃል አቀባዩ ተቀበሉ። "ጠግናችሁ አምጡት። በሥራ ቀን እንሰማዋለን።"

"በሥራ ቀንማ ጫጫታ ነው ናና" አለ አንዱ።

"ጫጫታውን ዝም እናሰኛለን።"

"ባይጮህስ?"

ወደ እኔ ዞሩ። "ባይጮህ የኳሜና ስም ዳግመኛ አይነሳም።"

ሐሙስ፣ ኦገስት 22

ዶሮዋ ተባረረች። በርሜሉን በአሸዋ ፈገፈግኩት። ቆርቆሮ ቆራርጬ ለጥፌ ስሞክር ውሃ ያስገባል። ደግሜ ለጠፍኩ። ያስገባል።

አርብ፣ ኦገስት 23

ያስገባል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 24

ከገበያ ስመለስ ምድጃው ላይ ዓሣ የለም። እማ ሬንጅ እያቀለጠች ነው! ክንዷ እስከ ክርኗ ጠቁሯል።

"ምን ታፈጫለሽ? ቆርቆሮውን ያዢልኝ" አለችኝ። "እንዲህ ነው የሚደፈነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ አባቴ ሲደፍን አብሬው ነበርኩ።"

አመሻሹ ላይ ውሃ ሞላንበት። ጠብ አላለም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

የናና ጀልባ ወስዶ አለቱ አጠገብ አሰረው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 3

ጮኸ። ሰው ሁሉ ሰማ። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቤት አስገቡ። "አላልንም? ማክሰኞ ነው!" ይላሉ። ነገስ? ማዕበሉ ቢተኛስ? ሬንጁ ቢለቅስ?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 4

አዋጅ ነጋሪው ትናንት ደወል እየመታ ዞሮ ነበር፤ ናና እስኪፈቅዱ ሞተር የሚያስነሳ የለም፣ የሚዘፍን የለም፣ የሚሸጥ የለም። በሥራ ቀን! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

አሸዋው በሰው ሞላ። ማጉረምረም ነው።

"ለአንድ ዝገት ብለን ዓሣ እናስመልጥ?"

"ዓሣውም ቆሞ እየሳቀብን ነው።"

"እሽሽ!"

አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ ጡት አጎረሰችው። ከዚያ ፀጥ። ማዕበሉ ብቻ። እማ እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ ውስጥ ሬንጅ አለ። ምንም... ምንም... አያቴ፣ በናትህ...

ከዚያ መጣ። ረጅም፣ ወፍራም፣ ጥጃዋን እንደምትጠራ ላም። እንደገና። እንደገና።

አባባ ኩዌኩ ቆባቸውን አወለቁ። "ረቡዕ ነው" አሉ፣ ለራሳቸው። "ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።"

ናና እጃቸውን አነሱ። "ሞተር አስነሱ።"

ሞተሮቹ ተነሱ፣ ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ፣ ድምፁ ጠፋ። በርሜሉ ግን እዚያው ከፍ ዝቅ ሲል ሁሉም ያየዋል።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 13

ናና በግ ይዘው ቤታችን መጡ። ያኔ ከአያቴ የተጠየቀው በግ። ደጃፉ ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ አጎንብሰው ይቅርታ ጠየቁ። እማማ ኤፉዋ በጉን ዳበስ ዳበስ አደረጉና "ከስቷል" አሉ። ከዚያ ለቅሶ ያዛቸው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

ናና አረቄውን እያፈሰሱ ስም ጠሩ። ሲጠሩ፣ ሲመልሱ... ከዚያ፣ "ኳሜና አርሂን! ና ጠጣ!"

እማማ ኤፉዋ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳግ ያዛቸው። እማም ያው። ሰው ይጠብቃል።

"አለ!"

የእኔ ድምፅ ነው። የፊተኞቹ ሁሉ ዞሩ። ያቺ ዓሣ ነጋዴ ጓደኛዋን በክርኗ ነካች፤ "ይቺ ልጅ ለካ ድምፅ አላት!"

ነበረኝ እኮ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

ባሕሩ አርፏል። በርሜሉ ይጮኻል። ልጅ ወደ ቤት ያስገባ የለም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 18

ጀልባዎቹ ረፋድ ላይ ገቡ። ዓሣ ተሸከምኩ፣ አጠብኩ፣ ደረደርኩ። ዋጋ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም። ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።

በርሜሉን ዛሬ አልሰማሁትም። ይጮኻል።